ለእንስሳት ሐኪም የሚከፈል ገንዘብ ሲጠፋ፦ የውሻና የድመት ባለቤት ደረጃ በደረጃ ሊያደርገው የሚገባው

በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ውሻ የሚያሳድገው ግቢ እንዲጠብቅለት፣ ድመት የሚያሳድገው ደግሞ አይጥ እንድታጠፋለት ነው። እንስሳው ከገበታ የተረፈውን እየበላ ስለሚኖር የተለየ ወጪ አይያዝለትም፤ ገንዘብ እንደሚያስወጣ ባለቤቱ የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ታሞ ሲወድቅ ነው። በዚያ ሰዓት የክሊኒኩ ሂሳብ ከአስቤዛው፣ ከቤት ኪራዩ ወይም ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ይጋጫል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ላለው ባለቤት ነው። እንደ እኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ከገንዘብ እጦት ይልቅ እንስሳትን የሚጎዳቸው ይሉኝታ ነው። ባለቤቱ አቅም እንደሌለው ለመናገር እያፈረ ቀናት ያሳልፋል፤ በመጀመሪያው ቀን በአንድ መርፌ ይድን የነበረው በሽታ በአምስተኛው ቀን ብዙ ወጪ ተደርጎበትም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያተኩሩት ጊዜ ሳይባክን፣ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በሚጠቅመው ቦታ በማዋል ላይ ነው።

አንደኛ፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይወሰን

ብዙ አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ የሁሉም ነው ይባላል፤ ሲታመም ግን የማንም አይሆንም። አከራይ ተከራዩን፣ ተከራይ ዘበኛውን እያየ ውሻው በር ሥር ተኝቶ ይከርማል። እንስሳው ጤነኛ ሳለ የግቢው ነዋሪዎች አንድ ኃላፊ መምረጥና ለክትባትና ለሕክምና ማን ምን እንደሚያዋጣ መነጋገር ይኖርባቸዋል። ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ያልተከተበ ውሻ ጎረቤትን ቢነክስ ገንዘብ አልነበረኝም ማለት ከዚህ ኃላፊነት አያድንም።

ሁለተኛ፦ የሚያጣድፈውን ከሚቆየው መለየት

ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ማታውኑ መሄድ አለብኝ ወይስ እስከ ነገ ወይም እስከ ደመወዝ መቆየት ይችላል?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ የሚረዱ ጥቂት ምርመራዎች በቤት ውስጥ ያለ ወጪ ሊደረጉ ይችላሉ።

የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱን ይመልከቱ። ጤናማ ድድ እርጥብና ሮዝ ነው፤ አንዳንድ ውሾች በተፈጥሮ ጥቁር ድድ ስላላቸው በእነሱ የታችኛውን የዐይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ማየት ይሻላል። ድዱን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁት ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። እጅግ ከገረጣ፣ ከጠቆረ፣ ወደ ቢጫ ካደላ ወይም ቀለሙ ለመመለስ ከዘገየ የደም ዝውውሩ ወይም ደሙ ራሱ ችግር ላይ ነው። በመቀጠል በትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡትና ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰና እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ሰውነቱ ውኃ አጥቷል። ተኝቶ ሳለ ደረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ይቁጠሩ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ውሻ ወይም ድመት በተለምዶ ከ30 አይበልጥም። ሙቀቱ በፊንጢጣ በሚገባ ዲጂታል ቴርሞሜትር ሲለካ ለውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ጤናማ ነው። ይህን ቴርሞሜትር ከማንኛውም ፋርማሲ ገዝቶ ለእንስሳው ብቻ ማስቀመጥ ለሚያሳድግ ሰው ሁሉ የምመክረው ወጪ ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ደመወዝ መጠበቅ አይቻልም። ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው ሽንቱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገድለዋል። ትልቅ ውሻ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ለማስመለስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ያልመከነች ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ምግብ የምትተው፣ አንዳንዴም ከብልቷ መግል የሚወጣት ከሆነ ማኅፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ያልተከተበ ቡችላ የሚያስመልስና ደም የተቀላቀለበት፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ የሚያስቀምጠው ከሆነ ፓርቮ የተባለው በቫይረስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። በመኪና የተገጨ፣ መርዝ የበላ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ለመተንፈስ የሚታገል እንስሳም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

በአንጻሩ ቁንጫ፣ መዥገር፣ የቆየ እከክ፣ የጆሮ ማሳከክ፣ እየበላ እየጠጣ ያለ እንስሳ የያዘው ቀላል ተቅማጥ ወይም ጥቂት ማነከስ ለጥቂት ቀናት እየተከታተሉ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጊዜ ይሰጣሉ። መከታተል ማለት ግን መርሳት አይደለም፤ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያስመለሰውንና የሙቀቱን ልክ በየቀኑ በወረቀት ላይ መመዝገብ ኋላ ሐኪሙ ለምርመራ የሚያስከፍልበትን ጥያቄ በነጻ ሊመልስ ይችላል። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲያስል ወይም ሲንዘፈዘፍ የነበረ ውሻ ክሊኒክ ሲደርስ ምንም እንዳልሆነ ቆሞ ጅራቱን ይቆላል።

ሦስተኛ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ የገንዘብ ጥያቄ አይነሣም

በኢትዮጵያ ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ በቤት ውስጥ የሚታከም በሽተኛ አይደለም። በተለይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ውሻው አፉን ከፍቶ ምራቁን ሲያዝረበርብ ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይሰዳል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እንስሳው በር በሚዘጋበት ክፍል ተለይቶ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት።

የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። ጸበልም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት ክትባቱን አይተካም። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ በቁጣ መግደል አይገባም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን 10 ቀን አይጠብቅም።

አራተኛ፦ ከሰው መድኃኒትና ከሰፈር ዘዴ መታቀብ

ገንዘብ ያጠረው ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቤቱ የመድኃኒት ሳጥን ነው። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሰው የሕመም ማስታገሻዎች የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ መቀባትም ጎጂ ነው፤ እንስሳው ሰውነቱን ስለሚልስ የተቀባው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ኬሚካል መጠኑን በግምት አቅጥኖ ውሻን ማጠብ መርዝ የመስጠት ያህል ነው፤ ፐርሜትሪን የተባለ ተባይ ማጥፊያ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ላይ ከዋለም ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ተርፎ የተቀመጠ የሰው አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ። በእነዚህ «ርካሽ» መፍትሔዎች የተመረዘን እንስሳ ማዳን ዋናውን በሽታ ከማከም የበለጠ የሚያስወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አምስተኛ፦ ያለውን ገንዘብ ከምርመራ በፊት መናገር

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለ ገንዘብ አይናገርም፤ ምርመራው ይታዘዛል፣ ሂሳቡ ይመጣል፣ ባለቤቱ ግማሹን ከፍሎ መድኃኒቱን ሳይገዛ ይወጣል። ገንዘቡ በሽታውን ለማወቅ አለቀና ለማከም ምንም አልቀረም። ይልቅስ ገና ሲገቡ፣ እንስሳው ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ፣ እንዲህ ማለት ይገባል፦ «ዶክተር፣ ዛሬ ያለኝ ይህን ያህል ብር ነው፤ ከዚህ በላይ ልጨምር የምችለው ወር ሲወጣ ነው። በዚህ ገንዘብ ለውሻው የሚበጀው ምንድን ነው?» ይህ ንግግር ልመና አይደለም። ሐኪሙ ለአንድ በሽታ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መንገድ ያውቃል፤ ሁሉን ያሟላውን፣ መካከለኛውንና ዝቅተኛውን። የትኛውን እንደሚያቀርብ ለመወሰን የገንዘቡን ልክ ማወቅ አለበት።

ከዚያም የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ምርመራው ቢቀር በምልክቱ ብቻ ሊታከም ይችላል ወይ? የምርመራው ውጤት የሚሰጠውን መድኃኒት ይለውጣል? የማይለውጥ ከሆነ ምርመራውን መተው ይቻላል። የመዳን ዕድሉ በሐኪሙ ግምት ምን ያህል ነው? ጠቅላላ ወጪው ተመላልሶ መታየትን ጨምሮ ስንት ይደርሳል? መርፌው በየቀኑ ክሊኒክ መሰጠት አለበት ወይስ ክኒን ወስዶ ቤት መስጠት ይቻላል? ማዘዣ ተጽፎልኝ ከሰው ፋርማሲ በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት አለ? በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል? የተስማሙበትን ክፍያ በቀኑ መክፈል ደግሞ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ በዱቤ አክሞ የተካደ ሐኪም ለሚቀጥለው ችግረኛ በሩን ይዘጋል።

ዝቅተኛው መንገድ ከንቱ አለመሆኑን ፓርቮ በደንብ ያሳያል። በሽታው ሲታከም የተለመደው ቡችላውን ለቀናት አስተኝቶ በደም ሥሩ ግሉኮስና ሌሎች ፈሳሾችን መስጠት ነው፤ ውድም ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 40 ውሾችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ተኝተው እንዲታከሙ፣ ግማሾቹን ደግሞ በተመላላሽ መልክ፣ ከቆዳ ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ ለረጅም ሰዓት በሚሠራ አንድ የአንቲባዮቲክ መርፌና ማስመለስን በሚያቆም መርፌ እንዲታከሙ አደረጉ። ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶው፣ በተመላላሽ ከታከሙት 80 በመቶው ድነዋል። ልብ መባል ያለበት፣ ሁሉም በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ከተረጋጉ በኋላ ነው የተከፋፈሉት፤ ክትትሉም የሰለጠነ ሰው የሚያደርገው ጥብቅ ክትትል ነበር። ሆኖም አንድ ቀን ብቻ ለማስተኛት የሚበቃ ገንዘብ ያለው ባለቤት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ «ዛሬ አረጋጉልኝና ከነገ ጀምሮ እያመላለስኩ ልከታተል» ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ያስረዳል።

ዝቅተኛ መንገድ የሌላቸው በሽታዎችም አሉ። መግል የቋጠረ ማኅፀን በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ በአንቲባዮቲክ ብቻ ቀናት መግዛት ይቻል ይሆናል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለውን ብር በክኒን ከመጨረስ ለቀዶ ሕክምናው ማዋል ወይም በቀጥታ ወደ ስምንተኛው ደረጃ ማለፍ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ዋጋው ዝቅ ያለ አገልግሎት ማፈላለግ

በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ተማሪዎች በመምህራን እየተመሩ ያክማሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ። በማስተማሪያ ቦታ ምርመራው ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያው ልክ በብዙ ዐይን ይታያል። በወረዳና በቀበሌ ያሉ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በዋናነት ለከብትና ለጋማ ከብት የተቋቋሙ ቢሆኑም ለውሻ ክትባትና ለትላትል መድኃኒት ሊጠየቁ ይገባል። መስከረም 18 ገደማ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚሰጥ የክትባት ዘመቻ ይኖር እንደሆነ ወረዳውን መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ጎረቤትን ማስተባበር ሌላው ዘዴ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለአንድ ውሻ በሚበቃ ብልቃጥ ብቻ ሳይሆን ለ10 ውሻ በሚበቃ ብልቃጥም ይመረታል፤ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ግን ለሌላ ቀን አይቆይም። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ውሾቻቸውን በአንድ ቀን አሰባስበው ሐኪም ቢያስመጡ የመምጫውንም የመድኃኒቱንም ወጪ ይካፈላሉ። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ለዚህ የሚሆን አነስተኛ መዋጮ ማከል አይከብዳቸውም።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች የሚገጥማቸው ሌላ ዓይነት ችግር ነው፤ ሂሳቡ በሺዎች ዶላር ይሆንና ኬርክሬዲት የተባለው የሕክምና ብድር ካርድ ይቀርብላቸዋል። ወለድ በማይታሰብበት የማስተዋወቂያ ጊዜ ውስጥ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወለዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ስለሚመጣ፣ በጊዜው እንደሚከፍል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ባይፈርም ይመረጣል።

ሰባተኛ፦ በቤት ውስጥ ማስታመም

ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት እስኪያልቅ ይሰጣል፤ እንስሳው ስለተሻለው መድኃኒቱን ማቋረጥ የተከፈለውን ገንዘብ ማባከን ነው። ንጹሕ ቁስልን ለማጠብ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መጠቀም በቂ ነው፤ አልኮልና በረኪና ቁስል ላይ አይፈስም። የማያስመልስ ግን የሚያስቀምጠው ውሻ ትንሽ ትንሽ ውኃ በየጊዜው እንዲጠጣ፣ የተቀቀለ ሩዝ ከትንሽ ያልተቀመመ የዶሮ ሥጋ ጋር እንዲበላ ይደረጋል። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ለውሻም ለድመትም አይሰጥ፤ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ሲሪንጅ ተጠቅመው ውኃ የሚያጠጡ ከሆነ በጉንጩ በኩል ቀስ እያሉ ያንጠባጥቡ፤ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ወደ ጉሮሮው መግፋት ውኃውን ሳንባው ውስጥ ያስገባዋል።

ስምንተኛ፦ ማዳን ካልተቻለ

ገንዘቡም ተፈልጎ ጠፍቶ፣ በሽታውም በዝቅተኛው መንገድ የማይድን ከሆነ ለባለቤቱ የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው ሊያሳክመው ለሚችልና ለሚፈልግ ሰው በግልጽ አስረድቶ መስጠት ነው፤ በሽታውን ደብቆ መስጠት ሌላውን ሰው ማታለል ነው። ሁለተኛው በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ነው። ይህ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ «ፈጣሪ በቀኑ ይውሰደው» የሚሉ ሰዎችን አሳብ አከብራለሁ። ይሁንና ሽንቱ የተዘጋ ድመት ለሁለት ቀን እየጮኸ ሲሞት ዝም ብሎ ማየት የእንስሳውን ሥቃይ ማራዘም እንጂ ከውሳኔ መዳን አይደለም። ውሻን በመኪና ጭኖ ከከተማ ዳር ጥሎ መመለስ፣ መርዝ ማብላት ወይም በር ዘግቶበት በረሃብ እንዲሞት መተው ግን ምንም ዓይነት ድህነት የሚያመካኘው አይደለም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ይስጠው እንደሆነ ይጠየቅ። ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት፤ ለዚህ የሚውለው መድኃኒት ሬሳው ውስጥ ስለሚቆይ ጅብ ወይም አሞራ ቢበላው ይመረዛል። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንስሳ ከሆነ ሳይቀበር በፊት የጭንቅላቱ ናሙና ለምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የወረዳው ባለሙያ ይጠየቅ፤ በባዶ እጅ መንካትም አይገባም።

ዘጠነኛ፦ ለሚቀጥለው ጊዜ

ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየተወሰነ ሳምንት የሚሰጠው ተከታታይ ክትባት ከፓርቮ ይጠብቀዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ከ3 ወሩ ጀምሮ ይሰጥና ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይታደሳል። ሴቷን ማምከን በአንድ ጊዜ ወጪ የማኅፀን መግልንና ያልተፈለጉ ቡችሎችን ያስቀራል። ለበዓል በሚታረድ በግ ወይም በሬ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ለውሻ መጣል የለበትም፤ ውሻው ውስጥ የሚያድገው ጥቃቅን የኮሶ ዝርያ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በተለይ ሕፃናትን ይይዛል፣ በጉበታቸውና በሳንባቸውም ተመሳሳይ ከረጢት ይፈጥራል። እንዲህ ያለው ሥጋ በጥልቀት ይቀበር። ለዚህ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት እንጂ ማንኛውም የወስፋት ክኒን አይደለም።

በፓርቮ ውሻ የሞተበት ግቢ ሌላ ቡችላ ለማስገባት መቸኮል የለበትም። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት፣ ከዓመትም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሲሚንቶ ወለልና የምግብ ሳህን በ1 እጅ በረኪና 30 እጅ ውኃ ተደርጎ ሊጸዳ ይችላል፣ አፈርን ግን እንዲህ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ በዚያ ግቢ የሚገባው ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ይሁን፤ ከመግባቱም በፊት የዓመት ክትባቱ፣ የትላትል መድኃኒቱና የማምከኛው ዋጋ ከአንድ ክሊኒክ ተጠይቆ በወረቀት ላይ ይጻፍና ለ12 ወር ይካፈል። የሚወጣውን ቁጥር በየወሩ ማስቀመጥ የማይችል ቤተሰብ ውሻውን ባይወስድ ይሻላል።